ጡት ያላት ዓሣ

ወርቅአየሁ አሥረኛ ክፍል የገባችው በሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ዳንግላ፣ ከገበያው ማዶ ባለው ወፍጮ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ጠዋት ሞተሩን ታስነሳለች፣ ቺንጋው ሲላላ ታጠብቃለች፣ ቀኑን ሙሉ እህል ከሚያስፈጨው ሰው ጋር እየተጯጯኸች ትውላለች። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ነጠላዋን አራግፋ፣ ቅንድቧ ላይ የቀረውን ዱቄት ጠርጋ፣ ደብተሯን በብብቷ ሸጉጣ ወደ ማታ ትምህርቷ ትሄዳለች።

ድሮ ከአምስተኛ ክፍል አውጥተው ነበር የዳሯት። አራት ልጆች ወልዳ አሳድጋ፣ የመጨረሻዋን ድራ ቤቱ ጭር ሲል፣ አንድ ቀን ለባሏ ለአዝመራው እራት እያቀረበች፣ «እኔ ስድስተኛ ክፍል ልመዘገብ ነው» አለችው። አዝመራው አናጺ ነው፤ ነገርን እንደ እንጨት አገላብጦ ሳያይ አይናገርም። ሁለት ሦስት ጉርሻ ከዋጠ በኋላ፣ «እንግዲያውስ ጠረጴዛ ልሥራልሽ» አለ። ሠራላትም።

ወርቅአየሁ የሰማችውን አትረሳም። ወፍጮው እየጮኸ የትናንቱን ትምህርት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትወጣዋለች፤ ደንበኞቿ ዳዊት የምትደግም ይመስላቸዋል። የባዮሎጂው መምህር ኪዳኑ፣ በዕድሜ ልጇ የሚሆን ጭምት ሰው፣ በተለይ የእንስሳት አመዳደብ ሲያስተምር እሷን እያየ ነበር የሚያስተምረው። ስፍን፣ ክፍለ ስፍን፣ መደብ፣ ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ፤ ሰባቱንም እንደ ልጆቿ ስም ትጠራቸዋለች። አንድ የበጎ ፈቃድ ማኅበር ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች የጥያቄና መልስ ውድድር እንጅባራ ላይ ሲያዘጋጅ፣ ኪዳኑ የማታውን ክፍል ወክላ እንድትወዳደር ጠየቃት።

«መምህር፣ እኔ አሮጊት ሴትዮ ከልጆች ጋር?» አለችው።

«እትዬ፣ ላፕቶፕ ነው ሽልማቱ። የማታው ክፍል አንድም የለውም። እርስዎ ካልሄዱ ማንን ልላክ? ዘበኛውን ጥያቄው ሳይነበብለት እንቅልፍ ይወስደዋል።»

ሄደች። ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ በተማሪ፣ በወላጅ፣ በፎቶ አንሺ ተሞልቷል። ገና ወደ መድረክ ስትወጣ «የማን እናት ናት?» የሚል ሹክሹክታ ሰማች፤ ንቃ ተወችው። ጥያቄው ተጀመረ። የመጀመሪያውን መለሰች፣ ሁለተኛውን ሳተች፣ ከዚያ በኋላ ግን ያገኛት አልነበረም። ሦስት ትምህርት ቤቶች አንድ በአንድ ወደቁ። የቀራት ከአንድ የቀን ተማሪ ጋር የሚደረገው የመጨረሻው ጥያቄ ብቻ ነበር፤ እሱንም ቀድማ የምትመልሰው እሷ ናት።

የአዘጋጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ደጉ፣ ከረቫቱን ያጠበቀ ወፈር ያለ ሰው፣ ድምፅ ማጉያውን ጠጋ አድርጎ አነበበ፦

«በጨፌ ሣር ውስጥ የምትኖረው ጉሮሮ ቢጫዋ ዘማሪ ወፍና አቆስጣ በየትኛው መደብ ይመደባሉ? ከመጥፋት አደጋ አንጻር ደረጃቸውስ ምንድን ነው? እያወዳደሩ ይግለጹ።»

ከአዳራሹ ግማሹ አቆስጣ የሚለውን ስም ሰምቶ አያውቅም። ወርቅአየሁ ግን ልቧ ዘለለ። ተወልዳ ያደገችው ከአዘና ወደ ታች፣ ወንዝ ዳር ነው። በልጅነቷ የመንደሩ ሰው እንስሳዋን «የውሃ ውሻ» ይላት ነበር፤ አቆስጣ እንደምትባል ያወቀችው ኪዳኑ ከስልኩ ላይ ሥዕሏን ሲያሳያት ነው።

«ወፊቱ መደቧ አዕዋፍ፣ ክፍለ መደቧ የዘማሪ ወፎች ነው» አለች፣ ቃሉን እየቆጠረች። «አቆስጣ መደቧ አጥቢ፣ ክፍለ መደቧ ሥጋ በል ነው። ውሃ ውስጥ ብትውልም አየር የምትስበው ብቅ እያለች ነው፤ ገላዋ ጸጉር ነው፤ ልጆቿን ጡት ታጠባለች። እንግዲህ በመደብ ይለያያሉ። በደረጃ ግን እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ለስጋት የቀረቡ ተብለው ተመዝግበዋል። ወፊቱ ሣሩ እየታረሰባት፣ አቆስጣም ወንዟ እየደረቀባት ነው።»

አቶ ደጉ ወረቀቱን አየ። እንደገና አየ። ራሱን ነቀነቀ።

«አልተመለሰም። ወደ ቀጣዩ ተወዳዳሪ።»

ልጁ ጣሪያውን እያየ፣ «ወፏ… አዕዋፍ» አለ። «አቆስጣ… ዓሣ ነው?»

«ትክክል! ደረጃዋስ?»

«ወፏ ለስጋት የቀረበች። አቆስጣ… ስጋት የለበትም?»

«ትክክል!»

ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። ወርቅአየሁ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። ጭብጨባው እስኪበርድ ጠብቃ፣ «ጌታዬ፣ ወረቀቱ ተሳስቷል» አለች። «አቆስጣ ዓሣ አይደለችም። ጡት ስታጠባ በዓይኔ አይቻለሁ።»

አቶ ደጉ ፈገግ ብሎ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «እማማ፣ ዓሣ ጡት ካለውማ ከነገ ጀምሮ ወተት ከጣና እናስመጣለና!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ተማሪው ሳቀ፣ ወላጁ ሳቀ፣ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ሳቀ። ወርቅአየሁ ፊቷ ሲግል ተሰማት። በዕድሜዋ ብዙ ተሰድባለች፤ በአማት ተሰድባለች፣ በሰካራም ተሰድባለች። አውቃ በተናገረችው ነገር መሳቂያ ስትሆን ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ከመድረኩ ወርዳ ኪዳኑን ክንዱን ይዛ፣ «ቅሬታ ያስገቡ» አለችው።

ኪዳኑ እጁን እያሻሸ፣ «እትዬ፣ ልክ ነዎት፤ እኔም አውቃለሁ» አለ። «ግን በሰው ፊት ኮሚቴውን ማሳፈር… በሚቀጥለው ዓመት ባይጠሩንስ?»

«እኔን ሲያሳፍሩኝ ግን ዝም አሉ።»

ላፕቶፑ ተሰጠ፤ ፎቶ ተነሱ፤ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ።

እሑድን እንዴት እንዳሳለፈችው እሷም አታውቀው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለጎረቤት ነገረች፤ ጎረቤቷ «ታዲያ ለአንድ አይጥ መሳይ ነው እንዲህ የምትሆኚ?» አለቻት። ለልጇ በስልክ ነገረች፤ ኔትወርኩ ወሬውን ግማሽ ላይ ቆረጠው። አዝመራው ብቻ እስከ መጨረሻው ሰማት። ከዚያ፣ «ሰኞ ለወፍጮው ባለቤት ንገሪና እንጅባራ ሂጂ። እዚህ ተቀምጠሽ ምጣድ ከምትሰብሪ» አላት።

ሰኞ በማለዳ ሚኒባስ ያዘች። መንገዱን ሁሉ በመስኮት ስታይ ሄደች። ልጅ ሳለች እግር የሚያሰምጠው፣ ከብት የሚጠግብበት ጨፌ ሁሉ ዛሬ ቦይ ተቀዶለት ደርቋል፤ እስከ ወንዙ አፍ ድረስ ለከሰል የሚተከል ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ ቆሟል፤ በየመንገዱ ዳር የከሰል ማዳበሪያ ተደርድሯል። ወንድሟ አሁንም የአባታቸውን መሬት ነው የሚያርሰው። ባለፈው ዓመት፣ «የውሃ ውሻዋን ታያለህ?» ብላ ጠይቃው፣ «ኧረ እኔስ እንቁራሪት ራሱ ካየሁ ቆይቻለሁ» ነበር ያላት። «ስጋት የለበትም!» አለች ድምፅ አውጥታ። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ሻንጣውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

የማኅበሩ ቢሮ እንጅባራ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ነው። ፊተኛው ክፍል ውስጥ ጸሐፊዋ ምህረት፣ ሹራብ ደርባ፣ መጽሔት የመሰሉ ስስ ጥራዞችን በካርቶን ትደረድራለች። ወርቅአየሁን ከቅዳሜው አወቀቻትና አንገቷን ሰበረች።

«እትዬ… ይግቡ። አሉ።»

አቶ ደጉ ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ፣ «ኧረ እማማ! ከዳንግላ ድረስ!» አለ። «ቅሬታ ከሆነ እንግዲህ ደንቡ ውጤት በተነገረ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ፣ በቅጽ፣ በመምህሩ ፊርማ ነው የሚለው። አልፏል።»

«አቆስጣ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ዓሣ ሆና ቀረች?»

ሰውዬው ሳቅ ሞከረ፤ አልመጣለትም። ተነስቶ በሩን ገፋ አደረገው፤ ሳይዘጋ ቀረ። ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «እውነቱን ልንገርዎ» አለ። «ቅዳሜ ከሰዓት አንድ የዘርፉ ምሁር ደውሎ ነግሮኛል። አጥቢ ናት። ደረጃዋም እርስዎ እንዳሉት ነው። ጥያቄውን ያዘጋጀው ልጅ አቆስጣ ሲባል የዓሣ ስም መስሎት ነው። ምን ላድርግ? ላፕቶፑ ተሰጥቷል። ፎቶው ወጥቷል። እንግዶች ነበሩ። አሁን ተሳስተናል ብንል ማኅበሩ መሳቂያ መሆኑ ነው።»

ወርቅአየሁ ለመሃይም ሰው ልታስረዳ ነበር የመጣችው። ሌሊቱን ሙሉ ስታሰናዳው ያደረችው ማስረጃ፣ ጸጉሩ፣ ጡቱ፣ ሳንባው፣ ሁሉም አፏ ላይ ደረቀ። አያውቅም ብላ ነበር የተቆጣችው፤ ለካ ያውቃል። ቁጣዋ ያን ጊዜ ነው ሌላ ቁጣ የሆነው።

«አውቀውታል?»

«እማማ፣ ይረዱኝ—»

«እኔን መሳቂያ ማድረግ ይቻላል። ማኅበሩን ግን አይቻልም።»

«ለእርስዎስ ምን ይጨምርልዎታል?» አለ፣ አሁን እሱም እየተናደደ። «ላፕቶፑን የወሰደው ልጅ ወጣት ነው፤ ገና ብዙ ይሠራበታል። እርስዎ ይቅርታ ያድርጉልኝና የሚማሩት ጊዜ ለማሳለፍ ነው።»

«ጊዜ ለማሳለፍ?» አለችው፤ ድምፅዋ ከወፍጮ ቤት የመጣ ድምፅ ነውና ፊተኛው ክፍል ድረስ ተሰማ። «ጊዜ ማሳለፍማ አርባ ዓመት አሳልፌያለሁ! ከአምስተኛ ክፍል ስወጣ ማን ጠየቀኝ? እኔ የምማረው የማውቀውን ስናገር ሰው እንዲሰማኝ ነው። እርስዎ ደግሞ የማያውቁትን ተናግረው ተጨበጨበልዎት፤ አወቁ፤ አሁንም ጭብጨባውን ይዘው ተቀምጠዋል።»

በሩን ራሷ ከፍታ ወጣች። ፊተኛው ክፍል ስትደርስ ግን ቆመች። ምህረት የምትደረድረው ጥራዝ ሽፋኑ ላይ «የውድድር ጥያቄዎችና መልሶች፤ ለተማሪዎች መለማመጃ» ይላል። አንዱን አነሳች። ገጹን ማገላበጥ አያሻትም ነበር፤ የመጨረሻው ጥያቄ የመጨረሻው ገጽ ላይ ነው። አቆስጣ፤ መደብ፦ ዓሦች። ደረጃ፦ ስጋት የሌለበት።

«ይሄ የት ነው የሚሄደው?»

«ለየትምህርት ቤቱ ነው፣ እትዬ» አለች ምህረት ቀስ ብላ። «በዚህ ሳምንት መጨረሻ።»

አቶ ደጉ ከኋላዋ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ወርቅአየሁ ጥራዙን እያውለበለበች ዞረችበት።

«ላፕቶፑ ይቅር፤ ልጁ አልበደለኝም፣ ይማርበት። ይሄ ግን ልጆች እጅ አይገባም። ወንዝ ዳር ያለ ልጅ ይህን አንብቦ ስጋት የለባትም ብሎ በዱላ ቢላት ኃጢአቱ የማን ነው?»

«የታተመ ታትሟል። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ቅጂ ነው። ቃለ ጉባኤ ተይዞ የጸደቀ ነው።» ሰዓቱን አየ፤ ስብሰባ ነበረበት። ከዚያ ምራቁን እንደሚተፋ ሰው፣ «ካልሆነ ስክሪብቶ ይያዙና በእጅዎ ያርሙት! ምህረት፣ ለእማማ ወንበር ስጫቸው» ብሎ ደረጃውን ወረደ።

ወርቅአየሁ ወንበሩን ሳበች።

ምህረት መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ነበር። ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መልሳ፣ ከቦርሳዋ ሰማያዊ ስክሪብቶ አውጥታ፣ «ዓሦች» በሚለው ላይ መስመር አስምራ «አጥቢዎች» ብላ ስትጽፍ፣ ከታቹም «ስጋት የሌለበት» የሚለውን ሰርዛ «ለስጋት የቀረበ» ስትል፣ ሁለተኛውን ስታነሳ፣ ሦስተኛውን ስታነሳ፣ መደርደሯን ትታ አየቻት። ምሳ ሰዓት ላይ ወርቅአየሁ ሰማንያ አርማ ነበር። የመጨረሻው ሚኒባስ ሳያመልጣት ሄደች፤ በማግስቱ ጠዋት ተመለሰች።

አቶ ደጉ ማክሰኞ ሲገባ አያት፤ የተናገረውን ያስታወሰ ይመስላል፤ ወደ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ከሰዓት በኋላ ምህረት ወንበሯን ጎተት አድርጋ መጣችና አንድ እስር ጥራዝ ሳበች።

«ሥራሽን እንዳያበላሽብሽ፣ ልጄ።»

«ሥራዬማ ይሄን መላክ ነው። ታርሞ ቢሄድ ምን አለ?» አለች ምህረት። ትንሽ ጽፋ ቀና አለች። «እትዬ፣ እውነት ግን አይተዋታል?»

ወርቅአየሁ እጇን አሳረፈች። ጣቶቿ መሃል ስክሪብቶው ጉድጓድ ሠርቷል።

«ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በጋ ነበር፤ ወንዙ ቀጥኗል። ከአባቴ ጋር ውሃ ልንቀዳ ስንወርድ ሰፊ ድንጋይ ላይ ተጋድማለች፤ ደረቷ ነጭ፣ ጅራቷ ወፍራም። የሞተች መሰለችኝ። ልጮህ ስል አባቴ አፌን ያዘና በአዊኛ ዝም በይ አለኝ። ለካ ሁለት ልጆች ሆዷ ላይ ተለጥፈው ይጠባሉ። አንዷ ከአንዷ ጡት ስትቀማ እናትየው በእጇ ገፋ አደረገቻት። በእጇ ነው የምልሽ፤ እንደ ሰው እጅ ጣት አላት። እንስራችንን ይዘን ተቀምጠን ቆየን፤ ጠብተው እስኪጠግቡ አባቴ አልቀዳም አለ። እናቴ ውሃ ዘገየብኝ ብላ ጮኸችብን፤ እሱ ግን ‹አራስ ቤት ደርሰን ነው› አላት።»

ምህረት ሳቀች። ወርቅአየሁ ግን አልሳቀችም።

«እንግዲህ ይህን አይቼ ነው ዓሣ ናት ብለው የሳቁብኝ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ካርቶኖቹ ታስረው ወጡ። አንድ ሺህ ሁለት መቶውም ታርሟል፤ ገሚሱ በወርቅአየሁ ትልልቅ ፊደል፣ ገሚሱ በምህረት ቀጫጭን ፊደል። ወርቅአየሁ በማግስቱ የወፍጮውን ማጥበቂያ በግራ እጇ ነበር ያዞረችው፤ ቀኟ አልታዘዝ ብሏት።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሏት ነበር። ሁለት ሳምንት አለፈና ኪዳኑ ከክፍል በፊት ውጪ ጠራት። እጁ ላይ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዟል።

«እትዬ፣ ከማኅበሩ ነው። ‹ተማሪ ወርቅአየሁ ያለ ፈቃድ በማኅበሩ ሰነድ ላይ በመጻፏ የጽሑፍ ይቅርታ እንድትጠይቅ› ይላል። አለበለዚያ ትምህርት ቤቱ በሚቀጥለው ውድድር አይሳተፍም።» አንዱ ትምህርት ቤት የተሰረዘውን አይቶ ጠይቋቸዋል፤ እነሱም ስህተት ነበር ከማለት እሷ ያለ ፈቃድ ጻፈች ማለት ቀሏቸዋል። «አንዲት መስመር ናት፣ እትዬ። ይፈርሙልኝና ይለፍ።»

ወርቅአየሁ ደብዳቤውን ወስዳ በመብራቱ ሥር አነበበችው። አራት ቀን ወንበር ሰጥተዋት፣ አቶ ደጉ ደጃፉን ሲወጣና ሲገባ እያያት፣ አሁን ሌባ አደረጋት።

«መምህር፣ እርስዎ ነዎት አጥቢ መሆኗን ያስተማሩኝ?»

«አዎ።»

«ውሸት ነበር እንዴ ያስተማሩኝ?»

«ኧረ በፍጹም!»

«እንግዲያው ምን ብዬ ነው ይቅርታ የምለው? አልፈርምም። እርስዎም እንዳይፈርሙልኝ።»

ኪዳኑ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ያን ቅዳሜ ዕለት መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» አለ። ወርቅአየሁ «አይ» አላለችውም። እውነት ነበርና።

ያን ዕለት ማታ ኪዳኑ ለማኅበሩ መልስ ጻፈ፤ ፈራ ተባ እያለ ግን ጻፈ። የአቆስጣን ሙሉ አመዳደብ ከስፍን እስከ ዝርያ ዘረዘረና፣ ተማሪዋ ያረመችው በሰብሳቢው ቃል መሆኑን ገልጾ ፈረመ። ደብዳቤው ኮሚቴው ፊት ሲነበብ አቶ ደጉ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አልወጣም አለ። ሌሎቹ አባላት እርስ በርስ ተያዩ። ያን ጊዜ ቃለ ጉባኤ ትይዝ የነበረችው ምህረት መዝገቧን ገልጣ አነበበች። ያን ሰኞ ዕለት፣ ሰብሳቢው ለስብሰባ ሲወርድ፣ «መለማመጃው በእጅ ይታረም» ሲል ማዘዙን ከነሰዓቱ ጽፋው ኖሯል። አቶ ደጉ ቀና ብሎ አያት፤ ምህረት መዝገቡን አልዘጋችም። ይህን ሁሉ በኋላ ለወርቅአየሁ በስልክ ነግራታለች።

ከአሥር ቀን በኋላ ሌላ ደብዳቤ መጣ። «ጉዳዩ ተዘግቷል» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ስህተት ነበር አይልም። ሰው ሳቀብሽ አይልም። ውጤቱም እንደነበረ ነው፤ ማኅበሩ ግድግዳ ላይ በለጠፈው ፎቶ ሥር የማታው ክፍል ሁለተኛ ነው።

ወርቅአየሁ ደብዳቤውን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆማ አነበበችው። ከውስጥ የበቆሎ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች «ኧረ ወርቄ፣ ሞተሩን!» እያሉ ይጣራሉ። ገብታ አስነሳችው፤ የመጀመሪያዋን ሴትዮ ጆንያ አንስታ ገለበጠች። ማታ ትምህርት ቤት ሄደች፤ ተምራ መጣች። ከእራት በኋላ አዝመራው በሠራላት ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ወረቀት ዘርግታ፣ «ለአዘጋጅ ኮሚቴው፤ ጉዳዩ፦ ውጤት እንዲስተካከል ስለመጠየቅ» ብላ ጀመረች።

አዝመራው ከአልጋው ላይ ሆኖ፣ «ተዘግቷል አላሉሽም?» አላት።

«እነሱ ናቸው የዘጉት» አለችው፣ ቀና ሳትል። «ሰኞ እሄዳለሁ። የወፍጮውን ባለቤት ጠዋት አስፈቅድልኝ።»

አዝመራው ጥቂት አሰበ።

«እሺ» አለ። «ሹራብ ያዢ፤ እንጅባራ ይበርዳል።»